የባሕር ሽታ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ያደግሁት ጣና ዳር ነው፤ አሁን የምኖረው አሽዶድ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር አጠገብ ነው። የባሕሩ ሽታ ከሐይቁ ፈጽሞ ይለያል። አንድ ወዳጄ «ሽታው የድኝ ነው፣ የሚያመጡትም አልጌዎች ናቸው» አለኝ። አልጌ ድኝ ምን ያደርግለታል? ጤናስ ይጎዳል?
አንባቢ፣ ከአሽዶድ

መልስ፦ ወዳጅዎ ልክ ናቸው። ሽታውንም ከማጀት ያውቁታል፤ ጥቅል ጎመን ወይም የበቆሎ እሸት ሲቀቀል ድስቱን ሲከፍቱ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው ጠረን ውስጥ ያው ጋዝ አለ፤ ዳይሜቲል ሰልፋይድ ይባላል።

አልጌው፣ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ዕፅዋት መሰል ፍጥረት፣ መጀመሪያ የሚሠራው ግን ጋዙን ሳይሆን ዲ.ኤም.ኤስ.ፒ. የተባለ ውሁድ ነው፤ ድኝ ካለበት ሜታዮኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ይሠራዋል። የተከተፈ ጎመን ላይ ጨው ነስንሰው ጥቂት ቢያቆዩት ውሃውን ሲለቅ ያያሉ። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው አልጌውንም እንዲሁ ያደርቀው ነበር። ውሃው እንዳይሸሽ የሕዋሱ ውስጥ በሚሟሟ ነገር መሞላት አለበት። ጨዉን ራሱን በብዛት ቢያስገባ ኢንዛይሞቹ፣ ማለትም የሕዋሱን ኬሚካዊ ሥራ የሚያካሂዱት ፕሮቲኖች፣ ይበላሻሉ፤ ዲ.ኤም.ኤስ.ፒ. ግን ቢከማችም አይጎዳቸውም።

ለምን ድኝ ተመረጠ? ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅሉ ብዙ ዕፅዋት ለዚሁ ሥራ ግላይሲን ቤታይን የተባለ ሌላ ውሁድ ይጠቀማሉ፤ እሱ ናይትሮጅን ይፈልጋል። በብዙ የባሕር ወለል ላይ ናይትሮጅን ብርቅ ነው። ድኝ የሚገኝበት ሰልፌት ግን በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 2.7 ግራም ያህል አለ። በእኛ እምነት የጥያቄዎ ቁልፍ ይኸው ነው፤ አልጌው የሞላውን ተጠቅሞ የጠፋውን ይቆጥባል። የጣና አልጌ ግን ይህ የጨው ጣጣ የለበትም።

ሁሉም አልጌ እኩል አያመርትም፤ ዳያተም የሚባሉት ጥቂት ሲሆን ኤሚሊያኒያ ሃክስሌይ የተባለው ብዙ ይሠራል። ውሁዱን ወደ ጋዝ የሚሰነጥቀውን የዚህን አልጌ ኢንዛይም፣ አልማ 1ን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት እርስዎ ካሉበት ብዙም በማይርቀው ረሖቮት የሚገኘው የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ናቸው። ጥቃቅን እንስሳት ሕዋሱን በልተው ሲያፈርሱት ኢንዛይሙና ውሁዱ ይገናኛሉ፤ ጋዙና አክሪሌት የተባለ ነገር ይወጣሉ። ይህ በላተኛውን እንደሚያርቅ የሚጠቁሙ ሙከራዎች አሉ።

ባሕር ዳር የሚያሸቱት መጠን አይጎዳም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ዳርቻ ላይ ተከምሮ የበሰበሰ አልጌ። ከላይ ደርቆ ቅርፊት ሲሠራ አየር በማይደርስበት ውስጡ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመርታሉ፤ እሱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በ2009 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ብሪታኒ ውስጥ እንዲህ ባለ ክምር ላይ አንድ ፈረስ ሞቷል፣ ጋላቢውም ራሱን ስቷል። ስለዚህ ቅርፊቱን አይርገጡ፣ ልጆችንና ውሻን ያርቁ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ድንገት ቢጠፋብዎ አልፏል ብለው አይቁሙ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበሉ ፈጥነው ይራቁ።