«በአንድ ራጅ እንዴት ቀዶ ጥገና ይወሰናል?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜሽ 26 ነው። ብሽሽትሽን ያምሻል። ራጁ ላይ ማዕዘኑ 17 ዲግሪ ሆኖ ተገኘና አንዱ ሐኪም ቀዶ ጥገና ሲልሽ ሌላው እንጠብቅ አለሽ። ግራ ቢገባሽ አይገርመኝም። እኔ ቀኝ ዳሌዬን ከተሠራሁ አራት ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝንና ጠይቄ የገባኝን ልንገርሽ።

17 ያሉሽ ጣሪያው (የዳሌው ጎድጓዳ የላይኛው ክፍል) ኳሱን (የጭን አጥንቱን ክብ ራስ) ምን ያህል እንደሸፈነ የሚያሳይ ልኬት ነው። ከጭን አጥንቱ ክብ ራስ መሃል አንድ መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሰመራል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ጎድጓዳው የውጭ ጠርዝ። በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከ20 በታች ከሆነ ዲስፕላዥያ ይባላል፤ ጎድጓዳው ኳሱን በበቂ አልሸፈነም ማለት ነው። መሃል ላይ ያለው ሐኪሞችንም ያከራክራል።

ግን ቁጥሩን ከማመንሽ በፊት ራጁ እንዴት እንደተነሳ ጠይቂ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ራጅ ሲነሳ ዳሌዬ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ነበር። «ምንም የለሽም፣ ጡንቻ ነው» ተባልኩና ሁለት ዓመት ሙሉ እያነከስኩ ኖርኩ። በኋላ ያየችኝ ሐኪም ያንኑ ፎቶ አንስታ ማዕዘን አልለካችም። መጀመሪያ ያየችው የጭራ አጥንቴ ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት መጋጠሚያ ጋር በአንድ መስመር መሆኑን ነው። አልነበረም። ቆሜ እንደገና ተነሳሁ፤ 15 ወጣ። ከዚያ በጎን ዞር ብዬ ሌላ ራጅ ተነሳሁ፤ እሱ የፊቱን ሽፋን ያሳያል። የጣሪያውንም ዝንባሌ ለካች። እስከ 10 ዲግሪ ደህና ነው፤ የኔ 19 ነበር። እግሬን ከፍቼ የተነሳሁት ደግሞ ኳሱ በደንብ ሲሸፈን ቦታው ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ለማየት ነው። (እርግዝና ከጠረጠርሽ ከራጅ በፊት ተናገሪ።)

አንዱ ሐኪም ለምን ቸኮለ? መልሱ ያለው ኳሱና ጣሪያው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ይመስለኛል። ልስልሱ አጥንት ራጅ ላይ አይታይም፤ ያ ባዶ የሚመስለው ቦታ እሱ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ የራስሽን መገጣጠሚያ ማትረፍ ይቻላል። በጣም ከጠበበ ጣሪያውን በቀዶ ጥገና ማዞር ብዙም አይጠቅምም፤ ወሬው ወደ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይዞራል። በጎድጓዳው ጠርዝ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ቀለበት መቀደዱን ግን ራጅ አያሳይም፤ ለሱ ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

እኔ የተሠራሁት ጋንዝ የተባለ ሐኪም ስዊዘርላንድ፣ በርን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረውን ቀዶ ጥገና ነው። በጎድጓዳው ዙሪያ አጥንቱ ይቆረጣል፤ የኋላው ዓምድ ግን ሳይነካ ይቀራል። ከዚያ ጎድጓዳው ይዞርና በብሎን ይታሰራል። እዚያው ጠረጴዛው ላይ በራጅ እያዩ ያስተካክላሉ። የኔ የሽፋን ማዕዘን 32 ላይ ቆመ። «40 ቢሆን አይሻልም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ሽፋኑ ከልክ ካለፈ አጥንት ከአጥንት ይጋጫል አለችኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ራጅ ላይ የተቆረጠበት ጥቁር መስመር አሁንም ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። አልጋጠመም ብዬ አለቀስኩ። ለካ አዲስ አጥንት ራጅ ላይ ዘግይቶ ነው የሚታየው! በሦስተኛው ወር መስመሩ ጭጋግ መሰለ፤ ያኔ ክራንቹን ጣልኩ። የጭኔ የውጭ ቆዳ ግን እስካሁን ትንሽ ይደነዝዘኛል። ይህ የተለመደ ነው፤ አስቀድመው ይንገሩሽ።

17 ዲግሪ ላይ ሕመም ካለ እኔ ዝም ብዬ አልጠብቅም ነበር። ግን በአንድ ፎቶም አልወስንም። የጣሪያው ዝንባሌ ስንት ነው? ክፍተቱስ? ከሁሉም በፊት ግን ያ ራጅ ሲነሳ ቆመሽ ነበር ወይስ ተኝተሽ? እሱን ጻፊልኝ።