መልስ፦ ጓሳ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በነጻ ድንኳን ተክዬ የማድርበት፣ ለእግር ጉዞም የሚመች ቦታ አለ ወይ ላልከው ወንድሜ፣ መንዝ ጓሳ ሂድ። ነጻ እንኳን አይደለም፣ ቦታውን የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ስለሆነ መግቢያ ትከፍላለህ። እኔን አልቆጨኝም። ከፍታው ከ3200 ሜትር በላይ ነውና ብርዱን አትናቀው፤ ኅዳር ላይ በቀጭን ብርድ ልብስ ሄጄ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አደረ፣ ጠዋት ድንኳኑን ስነካው ውርጩ እንደ ስኳር እጄ ላይ ይረግፋል። ውሃና ምግብህን ከደብረ ብርሃን ይዘህ ውጣ። ሣሩ መሃል እሳት እንዳታነድ፣ ጓሳ የሚባለው ይኸው ሣር ሲደርቅ ቶሎ ይያያዛል። በጠዋት ከተነሳህ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል ሲወጡ ትደርሳለህ። ቀይ ቀበሮ ግን ዕድል ነው፤ እኔ ያየሁት ጅራቱን ብቻ።