መልስ፦ የማድቤት ጭስና ነፍሰ ጡር
እህቴ፣ «የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አዘዞ በተከራየሁት ጠባብ ማድቤት በእንጨት ስጋግር ጭሱ ልጄን ይጎዳው ይሆን?» ብለሻል። አዎ፣ ይጎዳል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ በደምሽ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ለጽንሱ የሚደርሰው ይቀንስና ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። ከሰልም ጭስ የለውም ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ይህንኑ ጋዝ ያወጣል፤ ቤት ዘግተሽ ቡና አታፍዪ። እኔ ሁለተኛዬን ሳረግዝ አማቴ ምጣዱን ተቀብለውኝ እስክወልድ ጋገሩልኝ፤ ዓይኔን ማቃጠሉ፣ ራሴን መፍለጡ ያኔ ነው የተወኝ። አንቺም ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ጎረቤትም ለምኚ፣ ምንም አትፈሪ። የሚያግዝሽ ከጠፋ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ በሩንም ወለል አድርገሽ ክፈቺው። የአይረን ክኒን ከሰጡሽ ደግሞ ከቡና አርቀሽ ዋጪው፤ ቡናው ሰውነትሽ እንዳይቀበለው ያደርጋል።