ገንዘቡ ሞልቷል፤ ሶኬቱ የት ነው?

ጥያቄ፦ በምኖርበት አፓርትመንት ፓርኪንግ ውስጥ ውድ መኪና የማያቆም የለም ማለት ይቻላል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን አንድም የለም። አቅም ያለው ሰው ቀድሞ መግዛት አልነበረበትም?

መልስ፦ አቅም ያለው የከተማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ግቢ የለውም። የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ መኪናው የሚያድረው ምድር ቤት፣ በጋራ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እዚያ ሶኬት የለም፤ ቢኖርም ከጋራ ቆጣሪ የተሳበ ስለሆነ ሒሳቡ ያጨቃጭቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ጥቅም ደግሞ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ መሙላቱ ነው። ይህ ከቀረ የሚተርፈው ፈጣን ቻርጀር ፍለጋ መውጣት፣ ተራ መጠበቅ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል መቆም ነው። ቤንዚን በ5 ደቂቃ ቀድቶ መሄድ የለመደ፣ ጊዜው ከነዳጁ የሚወደድበት ሰው በወር የሚቆጥባትን የነዳጅ ሒሳብ ብሎ ይህን አይሸከምም።

ሲጠየቅ ግን የሚያነሳው ሌላ ነው፦ «መንገድ ላይ ቢያልቅብኝስ?» ይላል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ይህ ሥጋት ሚዛን አይደፋም። መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል እንበል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል፤ ይህ የሳምንት መንገድ ነው። መጨናነቅም እንደ ቤንዚን መኪና አይጎዳውም። ቆሞ ሞተሩ አይበላም፤ ፍጥነት ሲቀንስም ሞተሩ እንደ ጄነሬተር ሠርቶ ከኃይሉ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሥጋቱ እውነት የሚሆነው ያቺው አንድ መኪና ለረጅም ጉዞም የምትፈለግ ከሆነ ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ወይም ብርድ ሲበረታ ፍጆታው በግልጽ ይጨምራል። ሁለተኛ መኪና ያለው ቤተሰብ ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ጥያቄ፦ የሕንፃችን ኮሚቴ «20 መኪና ቻርጅ ቢያደርግ ሕንፃው ይጨልማል» ብሎ ከለከለ። ትክክል ነው?

መልስ፦ ሁሉም ማታ አንድ ሰዓት ላይ ገብተው እኩል ቢሰኩ ትክክል ነው። የ32 አምፔር ቻርጀር በ230 ቮልት 7.4 ኪሎዋት ይስባል፤ ለ20 መኪና 148 ኪሎዋት ይሆናል። ይህን ያህል ትርፍ ኃይል ያለው የመኖሪያ ሕንፃ ብዙ አይገኝም።

ኮሚቴው የሳተው መኪኖቹ የሚያስፈልጋቸውን መጠን ነው። ለ40 ኪሎ ሜትር፣ በመሙላት ላይ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ለ20 መኪና 160 ነው። በሌሊቱ ስምንት ሰዓታት ላይ ሲካፈል 20 ኪሎዋት ብቻ! ለዚህ የሚያስፈልገው እርስ በርስ የሚነጋገሩና ጭነቱን የሚያከፋፍሉ ቻርጀሮች፣ እንዲሁም በሕንፃው ዋና መስመር ላይ የሚገጠም የጭነት መለኪያ ነው። አንድ ነገር ይታወቅ፦ መኪና ከ6 አምፔር፣ ማለትም ከ1.4 ኪሎዋት ገደማ፣ በታች ቻርጅ አይቀበልም። ስለዚህ 20 ኪሎዋት በአንድ ጊዜ የሚያዳርሰው ለ14 መኪና ነው፤ የቀሩትን ሲስተሙ በተራ ያስገባቸዋል። ለኮሚቴው ቻርጀር እንዲፈቀድልዎ ብቻ አይጠይቁ። የሕንፃው ጭነት ለአንድ ሳምንት ይለካ፣ ዋናው መስመር አንድ ጊዜ ይዘርጋ፣ ከዚያ እያንዳንዱ መኪና ሲገዛ የራሱን ቻርጀርና ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥም ይበሉ። መጀመሪያ የገዛው ሰው ብቻውን ገመድ ስቦ ከጨረሰ በኋላ ሥርዓት ማስያዝ አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፦ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ተራው የግድግዳ ሶኬት አይበቃም?

መልስ፦ ለከተማ መንገድ ይበቃል፤ በ10 አምፔር 2.3 ኪሎዋት ይሰጣል፣ 8ቱን ኪሎዋት ሰዓት በሦስት ሰዓት ተኩል ይሞላል። ባዶ ባትሪ ግን ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ያስጠብቃል። ችግሩ ሙቀት ነው። ምጣድም ምድጃም እየበራ እየጠፋ ይሠራል፤ መኪና ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይስባል። ብሎኑ የላላ ሶኬት በዚህ ይቀልጣል፤ የተጠቀለለ ኤክስቴንሽንም እንዲሁ። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ መሰኪያው ላይ እጅዎን ያሳርፉ፤ የሚያቃጥል ከሆነ ይንቀሉትና ኤሌክትሪሻን ይጥሩ።

የ32 አምፔር ቻርጀር ካሰቡ ከማከፋፈያው ቦርድ የራሱ መስመር ይሳብለት፦ እንደ ርቀቱ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ 40 አምፔር ብሬከር፣ በትክክል የተለካ የመሬት መስመር። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ ቀጥተኛ ጅረትንም (ዲሲ) የሚለይ መሆን አለበት። ብዙ ቻርጀሮች ይህን በውስጣቸው ይዘዋል፤ ከሌለው ግን ተራው መከላከያ ሊታወርና በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይቆርጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ መኪና በየአራት ዓመቱ እቀይራለሁ። ባትሪው አልቆ ገዢ አጣለሁ ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ዋጋው መውረዱ አይቀርም፤ ከባትሪው ይልቅ የሚያወርደው ግን አዲሱ ሞዴል ረክሶና ተሻሽሎ መምጣቱ ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ይጠግኑታል ወይም ይቀይሩታል። ከመግዛትዎ በፊት ዋስትናው በሚኖሩበት አገር እንደሚሠራና የመኪናው መሰኪያ በአካባቢዎ ካሉት ፈጣን ቻርጀሮች ጋር እንደሚገጥም በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ የማይገጥም መኪና ለሚቀጥለውም ገዢ አይሆንም። የባትሪውን ዓይነትም ይጠይቁ። ኒኬል ያለበት ሊቲየም (NMC) ከሆነ ለዘወትር 80 በመቶ ላይ ያቁሙት፤ የብረት ፎስፌት (LFP) ከሆነ ግን የቻርጅ መጠኑ ንባብ እንዳይዛባ በሳምንት አንዴ እስከ 100 መሙላት ይመከራል። በሚሸጡበት ቀን የባትሪው ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ ተነብቦ ከወረቀቶቹ ጋር ይቅረብ።