ከርነል ውስጥ ፕሮቶኮል ለመጻፍ ለተነሳችሁ ልጆች

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ሰሞኑን አንድ ልጅ መጥቶ “ጋሼ፣ ኩዊክን ከርነል ውስጥ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?” አለኝ። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ ኩዊክ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ዳታን አመስጥሮ የሚያጓጉዝ ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ደንብ) ነው። ጥያቄው በጣም ደስ አሰኘኝ። ግን ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍለት አልኩ። የእሱ ዓይነት ሐሳብ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ለሁላችሁም ይሁን።

መጀመሪያ “ለምን ከርነል ውስጥ?” ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ኩዊክ ተወልዶ ያደገው ከከርነል ውጭ ነው። ጎግል ሲጀምረው ዩዲፒ (ፓኬት የሚባለውን ትንሽ የዳታ ጥቅል መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚልክ ቀላል ፕሮቶኮል) ላይ አስቀምጦ፣ ኮዱን ብሮውዘሩ ውስጥ ያደረገው በምክንያት ነው። ብሮውዘር በየጥቂት ሳምንቱ ይታደሳል። ከርነል ግን አንዴ ሰው ስልክ ላይ ከተጫነ ዓመታት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። እዚያ ያስቀመጣችሁት ስህተትም አብሮ ይቆያል።

ታዲያ ለምን ይገባል? እንደ ኤንኤፍኤስ እና ኤስኤምቢ ያሉ የፋይል ማጋሪያ ሥርዓቶች ሊኑክስ ላይ ከርነል ውስጥ ይሠራሉ። እነሱ በኩዊክ ይነጋገሩ ከተባለ ኩዊክ እዚያው አጠገባቸው መገኘት አለበት። ይህ በቂ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለሊኑክስ የቀረበውን ኮድ ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቲኤልኤስ ሃንድሼክ፣ ማለትም ሁለቱ ወገኖች ተዋውቀው በማመስጠሪያ ቁልፍ የሚስማሙበት ክፍል፣ ከርነሉ ውስጥ አልገባም። ሰርተፊኬት ማጣራትን የመሰለ ውስብስብ ሥራ ለውጭ ፕሮግራም ተትቷል። ቁልፉ ሲገኝ ለከርነሉ ይሰጠዋል፤ ፓኬት ማመስጠር፣ የጠፋውን መልሶ መላክ፣ መጨናነቅን መቆጣጠር የከርነሉ ድርሻ ነው። ምን እንደሚገባ ከመወሰን ይልቅ ምን ውጭ እንደሚቀር መወሰን የበለጠ ብስለት ይጠይቃል ባይ ነኝ።

ከርነል ስለገባ ብቻ ይፈጥናል ብላችሁም አትጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ ልኬቶች ያ ኮድ ከርነል ውስጥ ካለው ቲሲፒና ቲኤልኤስ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ቲሲፒ፣ ነባሩ የዳታ ማጓጓዣ ፕሮቶኮል፣ ለብዙ ዓመታት ተሞርዷል። ትልቁን ዳታ ቆራርጦ የሚልክለት ኔትወርክ ካርዱ ራሱ ነው። አዲሱ ፕሮቶኮል ይህን ሁሉ ድጋፍ ገና አላገኘም።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሊኑክስ ቲሲፒ ላይ “ሳክ ፓኒክ” የተባለ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘ። ቁጭ ብላችሁ በወረቀት አስሉት፤ ብዙ ያስተምራል። ለመላክ የተሰለፈ አንድ የፓኬት ቋት እስከ 17 ቁራጭ ይይዛል። እያንዳንዱ ቁራጭ እስከ 32 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል። ቋቱ ስንት ሴግመንት (በአንድ ፓኬት የሚላክ የዳታ ክፋይ) እንደሚሆን የሚቆጥረው ሳጥን ደግሞ 16 ቢት ነው፤ ከ65,535 በላይ አይቆጥርም። አጥቂው “እኔ የምቀበለው ትንንሽ ሴግመንት ብቻ ነው” ብሎ መጠኑን ወደ 48 ባይት ያወርደዋል። ከዚያ ውስጥ 40ውን ኦፕሽኖች (ፓኬቱ ራስጌ ላይ የሚታከሉ ተጨማሪ መረጃዎች) ከወሰዱት ለዳታ የሚተርፈው 8 ባይት ነው። 17 በ32 ኪሎባይት አባዙና ለ8 አካፍሉ። 69,632 ይመጣል። ሳጥኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ከርነሉ ቁጥሩ እንዳልገጠመ ሲያይ ማሽኑን በሙሉ ያቆማል። የይለፍ ቃል የለም፣ መግባት የለም፤ በዘዴ ተዘጋጅተው ከሩቅ የተላኩ ፓኬቶች ይበቃሉ።

ችግሩ ከሊኑክስ 2.6.29 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ እዚያው ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ! ያንን ኮድ በዓለም ላይ አሉ የተባሉ ሰዎች አይተውታል። ስለዚህ ከሽቦው የሚመጣውን ማንኛውንም ቁጥር ስትቀበሉ “ትልቁ ስንት ነው? ትንሹስ? ሁለቱ ሲባዙስ?” ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ትንሹን። ስለ ትልቁ ሁሉም ያስባል።

የራሴንም ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ፓኬት በሚቀበለው መንገድ ላይ፣ ስፒንሎክ (ሌላው ሲፒዩ እየዞረ እስኪከፈት የሚጠብቀው መቆለፊያ) ይዤ፣ ሜሞሪ የሚጠይቅ መስመር ጻፍኩ። የጠየቅኩት አስፈላጊ ከሆነ መተኛት፣ ማለትም ሜሞሪ እስኪገኝ ቆሞ መጠበቅ፣ በሚችለው ዓይነት ነበር። እዚያ ቦታ ላይ መተኛት ክልክል ነው። የእኔ ማሽን ላይ ሦስት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። ሜሞሪ ትርፍ ስለነበር ጥያቄው ወዲያው ይመለሳል፤ የሚተኛበት አጋጣሚ አልነበረም። ሥራ የሚበዛበት ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን ሜሞሪ ጠበበ፣ ማሽኑም ደረቀ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሥራ ቆመ። ያ ሌሊት ዛሬም ይከነክነኛል። በአቶሚክ ቦታ (መተኛት በማይፈቀድበት ቦታ) መተኛትን የሚይዘውን ማረጋገጫ፣ ሎክዴፕን (የመቆለፊያ ስህተት አዳኙን) እና ካሳንን (የሜሞሪ ስህተት አዳኙን) ከመጀመሪያው ቀን አብሩ። ማሽኑን ያዘገዩታል፤ ያዝግሙት።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናንተ ቅርብ ነው። ቤት ዋይፋይ ላይ የጀመራችሁት ዳውንሎድ በር ላይ ወጥታችሁ ወደ ዳታ ስትቀይሩ ሲቋረጥ ታውቃላችሁ። መልቲፓዝ ቲሲፒ ሁለቱንም መንገድ አብሮ እንዲጠቀም የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሊኑክስ 5.6 ላይ ገባ። በጣም የምወድለት ፍጥነቱን አይደለም። መሃል ላይ ያለ ፋየርዎል የማያውቀውን ኦፕሽን ሲቆርጥበት አያኮርፍም። ወደ ተራ ቲሲፒ ይመለስና ሥራውን ይቀጥላል። ተጠቃሚው ምንም አያውቅም። እናንተ “ኔትወርክ የለም” እየተባለ ያደጋችሁ ልጆች ይህን ክፍል ከማንም በላይ አሳምራችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ፓኬት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል መጽሐፍ አይነግራችሁም፤ ኖራችሁበታል።

ለመጣው ልጅ የሰጠሁትን የቤት ሥራ ለእናንተም ልስጣችሁ። ገና ኮድ አትጻፉ። ሁለት ቨርቹዋል ማሽን አስነሱ። መሃላቸው ላይ በኔቴም (የኔትወርክ ችግርን አስመስሎ በሚፈጥረው የሊኑክስ መሣሪያ) 200 ሚሊሰከንድ መዘግየት ጨምሩ፤ ከመቶው ሦስት ፓኬት እንዲጠፋ አድርጉ። ከዚያ አንድ ገጽ በቲሲፒና በቲኤልኤስ፣ ያንኑ ገጽ ደግሞ በኩዊክ አውርዱ። ሁለቱንም በቲሲፒደምፕ ቅዱና የመጀመሪያው የገጹ ባይት እስኪደርስ ስንት ጊዜ ደርሶ መልስ እንደተደረገ በእጃችሁ ቁጠሩ። እሱ ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። የቆጠራችሁ ሁሉ ኑ፣ ቡና ይፈላል።