የጌም አገር ስፋት በእግር ሲለካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «ስካይሪም ውስጥ ከከተማ ከተማ ያለው ርቀት በእውነተኛው ዓለም ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል? ለምጽፈው ልብ ወለድ ተመሳሳይ ካርታ መሣል ፈልጌ ነው» ነው ያልከው። እኔም እዚህ ጅማ ሆኜ በዚሁ ነገር ሁለት ክረምት ስለተጨነቅኩ፣ የደረስኩበትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ደረቁን ቁጥር እንያዝ። ስካይሪም በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በምናብ አገር ውስጥ እየተዘዋወሩ የሚጫወቱት የኮምፒዩተር ጌም ነው። ካርታው እንዳለ ሲለካ 37 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘጠኝ ግዛቶች፣ የተገደለ ንጉሥ፣ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የበረዶ ተራራ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። አገር በዚህ ስፋት አይገባም። ስለዚህ ያለጥርጥር ተጨምቋል። ጥያቄው በስንት ነው የተጨመቀው የሚለው ነው።

ብዙ ሰው መልሱን ከሰዓቱ ይፈልጋል። በጌሙ ውስጥ ጊዜ በ20 እጥፍ ይሮጣል። የእኛ አንድ ደቂቃ የእነሱ 20 ደቂቃ ነው። የእነሱ ቀንና ሌሊት በእኛ 72 ደቂቃ ያልቃል። እንግዲያው ርቀቱንም በ20 አባዛው ይሉሃል። እኔም አባዛሁት። ርዝመት በ20 ሲባዛ ስፋት በ400 እንደሚባዛ እንዳትረሳ፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። 37ቱ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 14,800 ያድጋል። የጅማ ዞን 15,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኛን ዞን የሚያክል አገር! በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዞኑ ውስጥ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው ይኖር ነበር። ያን ምሽት በቃ አገኘሁት ብዬ ነው የተኛሁት።

ከዚያ በዚሁ ስሌት ካርታ ሣልኩና ታሪክ ጻፍኩበት። አንዲት የመንደር ልጅ እናቷ ጨው ግዢ ብላ ወደ ከተማ ትልካታለች። ጓደኛዬ አነበበውና «ይቺ ልጅ ለጨው ብላ ማደር አለባት እኮ» አለኝ። አስልቼ አየሁት። መንደሩን ያስቀመጥኩት ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ደርሶ መልሱ 36 ሆነ።

መንደሩን የወሰድኩት በጌሙ ካለችው መንደር ከሪቨርዉድ፣ ከተማውን ደግሞ አጠገቧ ካለው ከተማ ከዋይትረን ነበር። ጌሙን ከፍቼ ሰዓት ይዤ ወረድኩ። በተለመደው ሶምሶማ አራት ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። በእነሱ ሰዓት 80 ደቂቃ ማለት ነው። ግን 80 ደቂቃ ሙሉ ሶምሶማ የሚሮጥ መንገደኛ የለም። ሰው በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። እንግዲህ ርቀቱ ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ይህን በእግሬ ላየው ፈለግኩ። ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ፣ ከመሃል ጅማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት በባጃጅ ወጣሁና በእግሬ ወረድኩ። ከላይ ሲታይ ከተማው ቅርብ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲያብለጨልጭ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካው ይመስልሃል። መንገዱ ግን ይጠማዘዛል። ጭነት ያለው አህያ ታሳልፋለህ፣ ሰላምታ ትለዋወጣለህ፣ ውሃ ለመጠጣት ትቆማለህ። መሃል ከተማ ስደርስ አንድ ሰዓት ከግማሽ ሆኖ ነበር። ከሪቨርዉድም ወንዙን ይዘህ ወደ ሜዳው ስትወርድ ዋይትረን ከፊትህ ኮረብታው ላይ ይታይሃል። ልክ ያ ስሜት ነው። ልጅ ጨው ገዝታ ከሰዓት በኋላ የምትመለስበት ርቀት ነው።

18 ኪሎ ሜትሩን ለ20 ብትመልሰው፣ በጌሙ ውስጥ ያለው ርቀት 900 ሜትር ነው። ታዲያ ለቅርቡ ቦታ የሠራው ከሰባት እስከ ስምንት እጥፍ ነው እንጂ 20 አይደለም። በሩና ወንበሩ ደግሞ ምንም አልተጨመቀም፤ ሰው በልኩ ይገባበታል፣ በልኩ ይቀመጥበታል። ሁሉም ነገር የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ወንድሜ፣ አንድ ወጥ ቁጥር አትፈልግ። ጌም ቤቱን አያሳንስም። በቤትና በቤት፣ በከተማና በከተማ መካከል ያለውን ባዶ ነው የሚበላው። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የተበላውም ይበዛል።

ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄድክበትን ቀን አስበው። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ የጊቤ ቁልቁለት፣ ወልቂጤ ሻይ የጠጣህበት፣ ወሊሶ፣ ከዚያ ሰበታ። ያስታወስከው ይኸው ነው። የቀረውን ተኝተህበታል። ጌም ሠሪዎቹም የተኛህበትን ቆርጠው ያስታወስከውን አጠጋግተው ነው የሰጡህ።

ጌሙ ራሱም ይመሰክራል። ተራራው ላይ ወዳለው ገዳም የሚያወጣውን መንገድ ሰዎቹ «ሰባት ሺህ ደረጃ» ይሉታል። ብትቆጥረው 800 አይሞላም። እዚያ ላይ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ለሩቁ ግን እኔ የማምነው ሲራራ ነጋዴውን ነው። በጌሙ ያሉትን ድመት መሰል የኻጂት ነጋዴዎች ታውቃቸዋለህ፤ አንደኛው ጓድ በዋይትረንና ሩቅ ባለችው ከተማ በማርካርዝ መካከል ሲመላለስ፣ ከከተማው በር ውጭ ድንኳን ተክሎ ይሸጣል። ለሁለት ሰዓት መንገድ ማን ድንኳን ይጭናል? የጅማን ስም ያስጠራው የሂርማታ የሐሙስ ገበያም በሲራራ ነው የቆመው። ጭነት የያዘ በቅሎ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሳምንት የሚፈጅ መንገድ 175 ኪሎ ሜትር ነው። ማርካርዝን እዚያ ላይ አድርጋት። ያኔ አገሩ ከዞናችን በብዙ ይሰፋል፣ ለዘጠኝ ግዛትና ለጦርነትም ይበቃል።

«በዛ» ካልከኝ የድሮውን ዳገርፎልን ልጥቀስልህ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የዚሁ ተከታታይ ጌም ነው። አገሩን ኮምፒዩተር ስለሠራው 160,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ከተማ፣ መንደርና ዋሻው ከ15,000 በላይ ነው። የያዘው ደግሞ የሁለት ክፍላተ ሀገር ቁራጭ ብቻ ነው! ባዶው ሳይቆረጥ ሲቀር አገር ይህን ያክላል።

ስለዚህ ካርታህን በኪሎ ሜትር አትጀምረው፤ በቀን ጀምረው። ሰው ገበያ ውሎ በዚያው ቀን የሚመለስበትን መንደር በከተማው ዙሪያ ከአሥር ኪሎ ሜትር አታርቀው። አድሮ የሚመለስበትን 25 ላይ አድርገው። ሳምንት የሚፈጀውን ደግሞ አትፍራው፣ ርቆ ይቀመጥ። መሃሉ ላይ ማደሪያ፣ ውሃና ግጦሽ ጨምርበት፤ በቅሎው ይፈልገዋል። የሕዝቡንም ነገር አስብበት። ዋይትረን ውስጥ የምታያቸው ሰዎች መቶ አይሞሉም፤ የንግድ ከተማ ግን በመቶ ሰው አይቆምም። የተቆረጠው መንገዱ ብቻ አይደለም፣ ሰዉም ነው።

ስትጨርስ እዚሁ ለጥፈው። ከተሞቹ አጠገብ የገበያ ቀናቸውንም ጻፍበት፤ ማን ከየት ተነስቶ እንደሚደርስ አብረን እናየዋለን።