ስድስት ወር የምትተኛ ቪትዝ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ለገጣፎ ነው። ውጭ አገር ያለችው ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው። አራስ ልጠይቅ ግንቦት መጨረሻ ሄጄ ኅዳር ላይ እመለሳለሁ። በርበሬው ተፈጭቷል፣ የገንፎ ዱቄቱም ደርሷል። ያልተዘጋጀችው ቪትዜ ብቻ ናት።

ባለፈው ለሦስት ወር ትቻት ሄጄ ስመለስ ባትሪዋ ሞቶ፣ አይጥም ሽቦዋን በልቶ ጠበቀኝ። ለማሠሪያ የከፈልኩትን ሳስበው አሁንም ያመኛል። የምትቆመው ጓሮ፣ ቆርቆሮ መጠለያ ሥር፣ ከጤፉና ከሽምብራው ጆንያ አጠገብ ነው። መሬቱ መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ይጨቀያል።

የወንድሜ ልጅ «አክስቴ፣ ቁልፉን ስጪኝና ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ አስነሳልሻለሁ» ይለኛል። ልጁ ጨዋ ነው። ግን መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ብቻ እንደማትቀር ልቤ ያውቀዋል። እምቢ ብለው ደግሞ ቅር ይለዋል። ምን ላድርግ?

እናት ከለገጣፎ

መልስ

እናቴ፣ ልጅዎን ማርያም በሽልም ታውጣት።

ከልጁ ሐሳብ ልጀምር። ደግ ሐሳብ ነው፤ መኪናዋን ግን አይጠቅማትም። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃም ይወጣዋል። ሞተሩ በደንብ ሳይግል ከጠፋ፣ ያ ውሃ ማርሚታውና ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ማርሚታው ከውስጥ ይዝጋል። መኪና ወይ ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ይነዳል፣ ወይ በወጉ ተዘጋጅቶ ይተኛል። የእርስዎ ይተኛ ባይ ነኝ።

ባትሪው ባለፈው ለምን ሞተ? መኪና ቆሞም ይበላል። ሰዓቱ፣ አላርሙ፣ ሬዲዮው ጥቂት ጥቂት ይስባሉ። 30 ሚሊአምፒር ኢምንት ይመስላል። በወር ግን ከ21 አምፒር-ሰዓት በላይ ይሆናል። የትንሽ መኪና ባትሪ 35 ገደማ ቢይዝ ነው፤ ሁለት ወር አይደርስም። ባዶውን የከረመ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ቢደረግም እንደ ድሮው አይሆንም።

ስለዚህ በ10 ቁጥር ቁልፍ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን አስፈትተው ባትሪውን ያስወጡት። ለወንድምዎ ልጅ አደራ የሚሰጡት እሱን ነው። «በወር አንዴ ቻርጅ አስደርግልኝ፤ 12.6 ቮልት ይድረስ» ይበሉት። ልጁ ሥራ አገኘ፣ አላኮረፈም፤ ባትሪ የሌላት መኪና ደግሞ ሰፈር አትዞርም።

ታዲያ ባትሪው ሲወጣ ሪሞቱ አይሠራም። በሩ በቁልፍ መቆለፉን አስቀድመው ይሞክሩ። ሪሞት ከመጣ ወዲህ የበሩን ቀዳዳ ማን ነክቶት ያውቃል?

አሁን ወደ ጆንያው። አይጧን ድግስ ጠርተው ነው ሽቦ በላች የሚሏት! ጤፉንና ሽምብራውን ቤት ያስገቡ፣ ወይም ክዳን ባለው በርሜል ያድርጉ። የመኪናዋንም ውስጥ ይጥረጉ፤ ወንበር ሥር የወደቀች ቆሎ ትበቃለች። የጎረቤት ድመት ብትመጣ አያባሯት። ሲመለሱም ከማስነሳትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው ሽቦውንና የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ይዩ። አይጥ ጎጆ መሥራት የምትወደው እዚያ ነው።

መረሬው ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይዞ ይከርማል። ከሥሯ ጠጠር ያስነጥፉ። ላስቲክ አያልብሷት፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። መጠለያ አላት፣ ይበቃታል። ጎሚስታ ጋ ጎማዎቹን 40 ያስሞሉ፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አይለፍ። ታንከሩንም ቤንዚን ይሙሉት፤ ባዶ ቦታ ካለው ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል። የእጅ ፍሬን አይያዙ። ስድስት ወር ተይዞ ከከረመ የፍሬን ሸራው ሊጣበቅ ይችላል። ማርሹን ፒ ላይ አድርገው ጎማው ሥር ታኮ ያስገቡ።

ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ መቼ እንደሚያልቁም ይዩ። እርስዎ በሌሉበት ካለቁ ሳይታደሱ መንገድ አትውጣ።

ኅዳር ላይ ባትሪው ሲታሰር ፖዘቲቩ ይቅደም። ፍሬኑን ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ይሞክሩት። ከዚያ ንፋሱን ለማስቀነስ ጎሚስታው ጋ መሄድ ነው። እስከዚያ የወንድምዎ ልጅ ይንዳ፤ እርስዎ አጠገቡ ይቀመጡ።